አንድ መርሐ ግብር ለአራት ከተማ አይሠራም፦ ደብረ ብርሃን፣ ሰመራ፣ ጎሬ፣ ጎዴ

ጥያቄው፦ «በአራት ከተማ መጋዘን እየሠራን ነው፤ ደብረ ብርሃን፣ ሰመራ፣ ጎሬና ጎዴ። ክረምት እንዳይዘን ብዬ የአርማታ ሥራውን በሙሉ ከጥቅምት እስከ ግንቦት አድርጌ ለአራቱም አንድ መርሐ ግብር አወጣሁ። በኅዳር የጎዴው ሳይት ውሃ ተኛበት። የደብረ ብርሃኑ ወለል ላዩ እንደ ዱቄት እየተላጠ ነው። የሰመራው ተሰነጣጠቀ። ጎሬ ላይ ደግሞ ዝናቡ አላባራ ብሎ ቁፋሮውን እንኳ አልጨረስንም። አንድ አገር ውስጥ ይህ ሁሉ እንዴት ይሆናል? ለሚቀጥለውስ ዓመት ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

አራቱም ችግሮች የመጡት ከአንድ ቦታ ነው፤ መርሐ ግብሩ የወጣው የአዲስ አበባን ሰማይ ታይቶ ነው። «ከጥቅምት እስከ ግንቦት ደረቅ ነው» የሚለው ለአዲስ አበባም ቢሆን በግማሽ ነው የሚሠራው፤ መጋቢትና ሚያዝያ የበልግ ዝናብ አለ። ለጎዴ ጭራሽ ተገልብጦ ነው የሚገኘው፤ ጥቅምትና ኅዳር እዚያ የዝናብ ወራት ናቸው። ስለዚህ በየከተማው ሦስት ነገር ለየብቻ ይጠይቁ፦ ከፍታው ስንት ነው፣ ዝናቡ በየትኛው ወር ይመጣል፣ በሳይቱ አጠገብ የሚያልፈው ውሃ ከየት ይነሣል። ሦስቱ መልሶች አንዱ ከሌላው አይገመቱም። የእርስዎ መርሐ ግብር የጠየቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ እሱንም ለአንድ ከተማ።

በሙቀቱ እንጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። ለአገራችን የሚያገለግል የእጅ ሒሳብ አለ። ከ30 ዲግሪ ይነሡና ከባሕር ወለል በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 100 ሜትር 0.6 ዲግሪ ይቀንሱ። የሚያገኙት የዓመቱን አማካይ ሙቀት ነው። አዲስ አበባ 2350 ሜትር ገደማ ስለሆነች 16 ዲግሪ ይሰጥዎታል፤ ከተለካው ጋር ይገጥማል። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ናት፤ 13 ዲግሪ። ጎሬ 2000 ሜትር፤ 18 ዲግሪ። ጎዴ 300 ሜትር፤ 28 ዲግሪ።

አፋር ላይ ግን ሒሳቡ ያንሳል። ሰመራ በ430 ሜትር ገደማ 27 ዲግሪ ተኩል ልትሆን ይገባት ነበር፤ በእርግጥ የሚለካው ከዚያ በሁለት ሦስት ዲግሪ ይበልጣል። ከባሕር ወለል በታች ያለው ዳሎል ደግሞ በዚሁ ሒሳብ 31 ዲግሪ እንኳ በወጉ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለስድስት ዓመት ያህል ሲለካ ግን የዓመቱ አማካይ ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሰው በኖረበት ቦታ ከተመዘገቡት የዓመት አማካዮች ከፍተኛው ይኸው ነው። ምክንያቱ ዝቅታው ብቻ አይደለም። ደመና የለም፤ መሬቱም ደረቅ ስለሆነ የፀሐዩ ጉልበት ውሃ በማትነን አይባክንም፣ በሙሉ አየሩን ለማሞቅ ይውላል። በዚያ ላይ ከወሎና ከትግራይ ተራሮች ወደ ታች የሚወርደው አየር እየታመቀ ይግላል።

ይህ ሒሳብ ለአጠቃላይ ግምት ይበቃል፤ ለሥራ ግን አይበቃም። አርማታን የሚያበላሸው አማካዩ አይደለም፤ የሌሊቱ ዝቅተኛና የቀኑ ከፍተኛ ነው። የደብረ ብርሃንን ወለል የጎዳው 13 ዲግሪ ሳይሆን ሌሊት ዘጠኝና ዐሥር ሰዓት ላይ የወረደው ውርጭ ሊሆን ይችላል።

ደብረ ብርሃን

በጋ ላይ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ አየሩም ይደርቃል። ቀን መሬት የያዘችው ሙቀት ማታ ደመና ሳይከለክለው ወደ ላይ ይወጣል። የቀዘቀዘው አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ ከኮረብታው እየተንሸራተተ ሜዳውና ጉድጓዳው ላይ ይተኛል። ለዚህ ነው ውርጭ ከፍታን ብቻ የማይከተለው። ሐረማያ ከአዲስ አበባ 300 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ሳለ በኅዳርና በታኅሣሥ መግለጫዎች ላይ ከዜሮ በታች ከሚመዘገብባቸው ቦታዎች ተርታ ስሟ ደጋግሞ የሚነሣው፣ ሜዳ ላይ በመሆኗ ነው። እዚያው ደብረ ብርሃን ውስጥ እንኳ ተዳፋት ላይ ያለ ሳይትና ወንዝ ዳር ሜዳ ላይ ያለ ሳይት በአንድ ሌሊት የተለያየ ሙቀት ያያሉ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። በዜና የሚነገረው ሙቀት የሚለካው ከመሬት ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ነፋስ በሚያስገባ ነጭ የእንጨት ሳጥን ውስጥ በተቀመጠ ቴርሞሜትር ነው። ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱ ላይ ያለው ሙቀት ከዚያ በሦስት አራት ዲግሪ ዝቅ ሊል ይችላል። «ዝቅተኛው 3 ዲግሪ ይሆናል» ሲባል የእርስዎ ወለል ላይ አመዳይ ሊያድር ይችላል ማለት ነው። 5 ዲግሪ ሲባል መጠንቀቅ ይጀምሩ፤ ዜሮ እስኪባል አይጠብቁ።

አሁን ወደ ተላጠው ወለል። ያልጠነከረ አርማታ ውስጥ ያለው ውሃ ሲረጋ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። አርማታው 3.5 ሜጋፓስካል ጥንካሬ ሳይደርስ ከረጋ ውስጡ ይላቀቃል፤ ሊደርስበት ከነበረው ጥንካሬ እስከ ግማሽ ሊያጣ ይችላል፣ በኋላ ውሃ ቢጠጣም አይመለስም። ነገር ግን መላጥ ሁሉ የውርጭ ሥራ አይደለም። ላዩ ላይ ገና ውሃ ቋጥሮ ሳለ በማለስለሻ የታሸ ወለልም፣ ለማለስለስ ተብሎ ውሃ የተረጨበትም እንዲሁ ይላጣል። ለመለየት በሚስማር ይፋቁት፤ በመዶሻም ቀስ ብለው እያንኳኩ ይስሙት። የሚፋቀው ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነና ከሥር ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ፣ ደካማውን አንሥቶ በአዲስ ሽፋን መመለስ ይቻላል። ሚስማሩ እየሰመጠ ከሄደ ወይም ድምፁ የታፈነ ከሆነ ግን ሽፋን አይደርቡበት። መሐንዲሱ ናሙና አስቆርጦ ያስፈትን፤ ዕቃ የሚቆለልበት የመጋዘን ወለል ነውና በግምት አይታለፍም።

በሚቀጥለው ጊዜ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ባለው ጊዜ የግድ መሙላት ካለብዎት፣ ሙሌቱን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ይጨርሱ፤ ሌሊቱ ሲገባ ቢያንስ እንዲይዝ። መቀላቀያውን ውሃ እስከ 60 ዲግሪ ማሞቅ ይቻላል፤ ግን ውሃው መጀመሪያ ከጠጠሩና ከአሸዋው ጋር ይቀላቀል፣ ሲሚንቶው በመጨረሻ ይግባ። ሙቅ ውሃ ሲሚንቶ ላይ በቀጥታ ከፈሰሰ ይቋጥረዋል። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ 10 ሰዓት ላይ፣ ላስቲክ ያልብሱት፤ በላዩ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ገለባ ይዘርጉ፤ ገለባው እንዳይረጥብ ደግሞ በሸራ ይክደኑት። እርጥብ ገለባ ብርድ አይከለክልም። ቢያንስ ሦስት ሌሊት ይቆይ። ከላስቲኩ ሥር ቴርሞሜትር ያስቀምጡ፤ ከ10 ዲግሪ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ወደ 5 ከወረደ ገለባ ይጨምሩ። ውሃ የሚጠጣው ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው፤ ከ8 ሰዓት በኋላ የፈሰሰ ውሃ እዚያው አድሮ ይረጋል። ጨው መጨመር የሚባለውን ምክር አይስሙ፤ ብረቱን ይበላዋል።

የደብረ ብርሃን ቀን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ፀሐዩ ጠንካራ፣ ነፋሱ ደረቅ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ላስቲክ ቀንም ይጠቅማል፣ እርጥበት ይይዛል። ለዚህ ከተማ የአርማታ ጊዜ ከየካቲት እስከ ሰኔ መጀመሪያ ነው፤ በልጉ አልፎ አልፎ ያቋርጥዎታል እንጂ አያቆምዎትም። ሐምሌና ነሐሴ መረሬው መኪና አያሳልፍም።

በነገራችን ላይ ጄኔሬተር ሲያዝዙም ከፍታውን ያስቡ። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ከሩብ በላይ ይሆናል። 100 የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት እዚያ ከ75 ያልበለጠ ይሰጣል። ትክክለኛው ቅናሽ በአምራቹ ሠንጠረዥ ላይ አለ።

ዝናቡ ለምን ተለያየ?

ከፍታ ዝናብን አይነግርዎትም። ጎሬና ሐረማያ ሁለቱም 2000 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ ጎሬ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስታገኝ ሐረማያ የዚያን ግማሽ አታገኝም።

ፀሐይ በዓመቱ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ስትመላለስ የዝናብ ቀበቶው ትንሽ ዘግየት ብሎ ይከተላታል። ጎዴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ላይ ስላለች ቀበቶው ሁለት ጊዜ ያልፍባታል፦ ወደ ሰሜን ሲወጣ በሚያዝያና በግንቦት፣ ወደ ደቡብ ሲመለስ በጥቅምትና በኅዳር። የመጀመሪያውን ጉ፣ ሁለተኛውን ደይር ይሉታል። በሐምሌና በነሐሴ፣ አዲስ አበባ ዶፍ ሲወርድባት፣ ጎዴ ላይ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው ኃይለኛ ነፋስ ዝናብ ሳያወርድ እየጋለበ ያልፋል፤ ሐጋ የሚባለው ደረቅና ነፋሻ ወቅት ነው። ምዕራቡ ግን እርጥበት በመጀመሪያ የሚደርሰውና በመጨረሻ የሚለየው በመሆኑ ጎሬ ላይ ከመጋቢት እስከ ኅዳር ይዘንባል። ሰመራ ከተራራው ጀርባ ናት፤ ደመናው የያዘውን ወሎና ሸዋ ላይ አራግፎ ነው የሚደርሳት።

ደመናው ሙቀቱንም ይለውጠዋል። አዲስ አበባ በሐምሌ ከመጋቢት ይልቅ ትቀዘቅዛለች፤ ከዋሽንግተን በዚያ ወር ለዕረፍት የሚመጣ ዘመድ ያለ ጃኬት መጥቶ የሚንዘፈዘፈው ለዚህ ነው። ሰመራ ግን በዚያው ሰሞን፣ ሰኔና ሐምሌ፣ የዓመቱን ከፍተኛ ሙቀት ታያለች። ጋምቤላና መተማ ደግሞ ዝናባቸው ሳይገባ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው የሚቃጠሉት።

ሰመራ

እዚያ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ቀኑ 40 ዲግሪን ማለፉ የተለመደ ነው። ትልቁን ሙሌት ከኅዳር እስከ የካቲት ያድርጉት። በታኅሣሥ ዳዳ የሚሉት ካፊያ ሊመጣ ይችላል፤ ለሥራ አያሰጋም። ሱጉም የሚሉት ዝናብ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ዋናው ዝናብ ካርማ ከሐምሌ እስከ መስከረም መጀመሪያ ነው።

ወለሉ የተሰነጠቀው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ላዩ የሚደርቅበት ፍጥነት ከሥሩ ውሃ ከሚወጣበት ፍጥነት ሲበልጥ። ሙቀት ብቻ ሳይሆን ነፋስም ያደርቀዋል። ሙሌቱን ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ይጀምሩ። ጠጠሩ ጥላ ሥር ይቆለል፤ ሮቶው ጥቁር ከሆነ ነጭ ይቀባ ወይም ይከለል፤ ፎርሙና ከሥር ያለው መሬት ቀድሞ ይረስርስ። ሲሞላ የአርማታው ሙቀት ከ32 ዲግሪ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ 35 ካለፈ አይሙሉ። ከተሞላ በኋላ እርጥብ ጆንያ ለ7 ቀን ሳይደርቅ ይቆይ። ጠዋትና ማታ ብቻ ማጠጣት ከጥቅሙ ጉዳቱ ይብሳል፤ በመካከሉ እየደረቀና እየረጠበ ስለሚሰነጠቅ።

ዋናው ጥፋት ግን ሌላ ነው። አርማታው በሙቀቱ ቶሎ ሲጠጥር ቀን ሠራተኛው ውሃ ይጨምርበታል። 350 ኪሎ ሲሚንቶ በሚገባበት አንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 175 ሊትር ውሃ ካለ የውሃና የሲሚንቶ ምጣኔው 0.50 ነው። በዚያ ላይ አንድ ባልዲ፣ 20 ሊትር፣ ቢጨመር 0.56 ይደርሳል፤ አርማታው ይደክማል። ፎርማኑ ይህን ካልጠበቀ ጥላውም ጆንያውም ከንቱ ነው። ማቅጠን ካስፈለገ በአምራቹ መመሪያ መጠን የማቅጠኛ ኬሚካል ይጠቀሙ።

ለሠራተኛው ከሥራው በላይ ይጠንቀቁ። ከደጋ የሄደ ሰው የመጀመሪያውን ቀን የሙሉ ቀን ሥራውን 20 በመቶ ብቻ ይሥራ፤ በየቀኑ 20 በመቶ እየጨመሩ በአምስተኛው ቀን ይሙላ። በሐሩር የሚሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የሚሠሩ አዲስ ሰዎች ናቸው። ውሃ በየ15 ወይም 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፣ በሰዓት ከ0.75 እስከ 1 ሊትር ነው፤ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ግን በሰዓት አይጠጣ። 20 ሰው ለ6 ሰዓት ቢሠራ ከ90 እስከ 120 ሊትር የመጠጥ ውሃ ብቻ ያስፈልጋል፤ ይህ ከአርማታው ውሃ ለብቻው ይቀዳ። ሥራው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ ከዚያ ከ10 ሰዓት በኋላ ይሁን። ንግግሩ የተወላገደ፣ ግራ የተጋባ ወይም የወደቀ ሰው «ይረፍ» ተብሎ አይተውም፤ ጥላ ሥር አውጥተው ሰውነቱን ውሃ እያፈሰሱበትና እያራገቡ ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

ጎዴ

ጎዴ ላይ ሁለት የተለያየ ውሃ አለ። አንደኛው ከላይ የሚዘንበው ነው፤ በዓመት ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ፣ ያውም በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚወርድ። ሁለተኛው ዋቢ ሸበሌ ይዞት የሚመጣው ነው፤ ከአርሲ፣ ከባሌና ከሐረርጌ ደጋ ይነሣል። ወንዙ ለመሙላት የጎዴን ሰማይ አይጠይቅም። በነሐሴ ጠራራ ፀሐይ እያለ ሊሞላ ይችላል፤ ከጎዴ በታች ያሉት ቀላፎና ሙስታሂል ይህን ደህና አድርገው ያውቁታል። ስለዚህ «ኅዳር ላይ ተኛበት» ያሉት ውሃ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለብዎት። ንጹሕ የዝናብ ውሃ ተጠራቅሞ ከሆነ ቦይና ሙሌት ይፈታዋል። ደለል ትቶ የሄደ ከሆነ ወንዙ ነው፤ ቦይ አይፈታውም፣ ወለሉን ከፍ ማድረግ ወይም ቦታ መቀየር ነው።

ከፍታውን ለመወሰን የአካባቢውን ሽማግሌዎች ይጠይቁ፤ ግን «ጎርፍ ይመጣል ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ «በ1990 ደይር ውሃው እስከ የት ደረሰ? በ2016ስ?» ብለው ይጠይቁ። ሁለቱም የኤልኒኖ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው በላይ የሚሞቅባቸው፣ ዓመታት ስለነበሩ የደቡብ ምሥራቁ ዝናብ ከፍተኛ ነበር። በግድግዳና በዛፍ ላይ የቀረውን ምልክት በውሃ ልክ ቱቦ ወደ ሳይትዎ ያምጡትና የወለልዎ ከፍታ ከዚያ ቢያንስ በ50 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ።

የአርማታ ሥራው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት አጋማሽ ይሁን፤ ሙቀቱን እንደ ሰመራው ይያዙት። ከሰኔ ጀምሮ ደረቅ ቢሆንም ነፋሱ ኃይለኛ ነው፤ ቆርቆሮ በሐጋ መምታት ካለብዎት የተከፈተ ጣሪያ አያሳድሩ፣ የጠርዙንና የጫፉን ሚስማር ያጥብቁ፤ ነፋስ ጣሪያ የሚገነጥለው ከጠርዝ ነው።

ድሬዳዋም ለዚህ ምስክር ናት። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል ዝናቡ የወረደው በዋናነት ከከተማው በላይ፣ በሐረርጌ ደጋ ላይ ነበር። ደረቅ አሸዋማ ወንዝ ዳር ካምፕ አይሠራም፣ ሲሚንቶም አይቆለልም፤ ሰማዩ ጥርት ቢልም። ይህ ለሰመራም ይሠራል፤ እዚያ የሎጊያንና የአዋሽን ወንዞች፣ በተለይ ነሐሴና መስከረም ላይ፣ ይጠብቁ።

ጎሬ

እዚህ ደረቅ ጊዜ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለችውን ክፍተት ለቁፋሮና ለመሠረት ብቻ ያውሏት፤ ቀሪውን ሥራ ከጣሪያ ሥር ይሥሩት። ማለትም ዓምድና ጣሪያ ቀድመው ይቁሙ፣ ወለሉ በኋላ ይሞላ። ከሌሎቹ ሦስት ሳይቶች ቅደም ተከተሉ የሚገለበጠው እዚህ ነው።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ሜትር ካሬ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 600 ሜትር ካሬ ጣሪያ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 30000 ሊትር ይወርዳል። ይህ ከመሠረትዎ ጎን ከፈሰሰ አፈሩን ይሸረሽረዋል። ለአሸንዳና ለመውረጃ ቱቦ የሚሠራው ግምት ለእያንዳንዱ ሜትር ካሬ ጣሪያ አንድ ሴንቲ ሜትር ካሬ ስፋት ነው። ውስጡ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ 78 ሴንቲ ሜትር ካሬ ስላለው ለዚህ ጣሪያ 8 ቱቦ ያስፈልጋል። ብዙ ቦታ የሚገጠመው አራት ነው፤ ከዚያ «አሸንዳው ሞልቶ ፈሰሰ» ይባላል።

ተዳፋት ቆርጠው ከሆነ የሚሠሩት፣ ከላይ በኩል ውሃ የሚያስቀይስ ቦይ ቁፋሮው ሳይጀመር ይውጣ። አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘመመ ዛፍ ወይም ግንድ፣ በድንገት የደፈረሰ ወይም አዲስ የፈለቀ ምንጭ ካዩ ሥራውን አቁመው ሰዉን ያውጡ። ሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ላይ ከ200 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ ደረሰባቸው። ናዳ ከወረደ በኋላ ከላይ ያለውን ተዳፋት የሚያይ ሰው ሳይቆም ከሥር መቆፈር አይገባም።

«ኤልኒኖ ነው» ሲባል

ይህን ዜና ሲሰሙ ለአራቱም ሳይት አንድ ዓይነት ነገር አይደምድሙ። ኤልኒኖ ብዙውን ጊዜ የሰሜኑን፣ የሰሜን ምሥራቁንና የመካከለኛውን ክፍል የክረምት ዝናብ ይቀንሳል፤ የደቡብና የደቡብ ምሥራቁን የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ ግን ይጨምራል፣ በተለይ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል አብሮ ከሞቀ። የፓስፊኩ ውሃ ከወትሮው የሚቀዘቅዝበት ላኒና ይህን ይገለብጠዋል። በ2007 ክረምት ዝናቡ አፋርና የአማራ ምሥራቃዊ ክፍል ላይ ቀርቶ በ2008 ለ10.2 ሚሊዮን ሰው የዕርዳታ ጥሪ ተደረገ። በ2012 ክረምት ደግሞ አዋሽና የጣና ዙሪያ በጎርፍ ተጥለቀለቁ፤ ወዲያው ከጥቅምት 2013 ጀምሮ በሶማሌና በቦረና አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ። ስድስተኛው መጣና፣ ብዙም ሳይቆይ በ2016 ደይር ያው ምድር ጎርፍ ተኛበት። ለእርስዎ ሲተረጎም፦ ኤልኒኖ ከተባለ ደብረ ብርሃንና ሰመራ ላይ የውሃ ቦቴ በጀት ይያዙ፤ ጎዴ ላይ ከመስከረም በፊት ዕቃውን ከፍ ወዳለ ቦታ ያውጡ፤ ጎሬ ላይ ቦዩንም አሸንዳውንም እንዳለ ይተዉት።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያውን የሚያወጣው ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት ነው፤ የአስር ቀንና የወር መግለጫም አለው። የወቅቱን ትንበያ ሲያነቡ ዕድሉ በሦስት ተከፍሎ ያገኙታል። «ከመደበኛ በታች 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በላይ 20 በመቶ» ቢል፣ ድርቅ ይሆናል ማለቱ አይደለም፤ ከአምስት ጊዜ አንዱን ከመደበኛ በላይ ሊዘንብ ይችላል እያለዎት ነው። መደበኛ የሚባለው ከረጅም ዘመን አማካይ ከ75 እስከ 125 በመቶ ያለው ነው። ጎሬና ጎዴ ላይ «መደበኛ» አንድ ዓይነት የውሃ መጠን አለመሆኑን ልብ ይበሉ። ደግሞም ትንበያው የወቅቱን ድምር ነው የሚናገረው፤ ድምሩ መደበኛ ሆኖ ሩቡ በአንድ ሌሊት ሊወርድ ይችላል። ለሥራ ቀን የሚጠቅመው የአስር ቀኑ መግለጫ ነው፤ በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንበው ከባድ ዝናብ ተብሎ ይጠቀሳል።

በየሳይቱ አንድ የዝናብ መለኪያና አንድ ዝቅተኛና ከፍተኛ የሚይዝ ቴርሞሜትር ያስቀምጡ። መለኪያው ጎኑ ቀጥ ያለ ዕቃ ይሁን፤ ከዛፍም ከግድግዳም የቁመታቸውን ሁለት እጥፍ ይራቅ። ዘወትር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይነበብ፤ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎችም የሚያነቡት ያን ሰዓት ስለሆነ ለማወዳደር ይመችዎታል። ቴርሞሜትሩ ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ከመሬት ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ ቆርቆሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቆርቆሮውን ሙቀት ነው የሚነግርዎት።

ከኢንስቲትዩቱ መረጃ በደብዳቤ ሲጠይቁ «የአየር ንብረት መረጃ» ብለው አይጻፉ፤ የወር አማካይ ተሰጥቶዎት ይመለሳሉ። በየከተማው ለሚገኘው ወይም ለሚቀርበው ጣቢያ የ30 ዓመት የየቀን ዝናብ፣ የየቀን ዝቅተኛና የየቀን ከፍተኛ ሙቀት ይጠይቁ፤ የጣቢያውን ከፍታና ያልተመዘገቡባቸውን ቀኖችም ይጨምሩልዎ። ከዚያ ለደብረ ብርሃን ከ5 ዲግሪ በታች የወረዱ ሌሊቶችን በየወሩ ይቁጠሩ፤ ለሰመራ ከ40 ዲግሪ ያለፉ ቀኖችን፤ ለጎሬ በተከታታይ አምስት ቀን ያልዘነበባቸውን ጊዜያት፤ ለጎዴ በየዓመቱ ከሁሉ የበለጠውን የአንድ ቀን ዝናብ። የዋቢ ሸበሌ ልክ ግን ከዚህ መዝገብ አይገኝም፤ የወንዝ ፍሰት የሚለካው በውሃው ዘርፍ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ለእሱ ሌላ ደብዳቤ ይጻፉ።